የዕቅድ ውይይት፦ የካርዳን መንቀጥቀጥ፣ የጋራ ጥገና ረቂቅ

ጸሐፊ፣ ሰኞ ምሽት 2፡15
የካርዳኑ (ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ረቂቅ ይኸው። እሁድ ለጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል፤ እስከ ዓርብ ያላችሁን ጻፉ።
ከፍ ካስደረግናቸው 14 ፒካፖች 9ኙ ይንቀጠቀጣሉ። ሁሉም በአንድ ጋራዥ ነው የተሠሩት። ጋራዡ «ጎማ ባላንስ አስደርጉ» ብሎ ሸኘን። አስደረግን፤ ለውጥ የለም።
ሐሳቡ፦ ከመጠባበቂያው 70,000 ብር ይወጣል። ለሁሉም መኪና በባሌስትራውና በአክሱ መሃል የሚገባ አንድ ዓይነት ሽብልቅ ቶርኖ ቤት ይቆረጣል። ክሮቼራ (የካርዳኑ የጫፍ መታጠፊያ) ይቀየራል። ካርዳኑ ባላንስ ይደረጋል። በሳምንት ሁለት መኪና፣ በስም ፊደል ተራ።

ገንዘብ ያዥ፣ 2፡31
70,000ው ለ9 ነው ለ14? የእኔ አይንቀጠቀጥም። ባለፈው ለታርጋ መብራቱም ያልተበላሸብን ከፍለናል፤ አልረሳሁትም።

ባለ ሲንግሉ፣ 3፡05
አንድ ዓይነት ሽብልቅ የሚለው ይውጣ። ገንዘብ ማቃጠል ነው።
ጉዳዩ ማዘንበል ነው። ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር ፍጥነቱ እኩል አይሆንም፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የፊተኛው ያበላሸውን የኋለኛው ነው የሚያስተካክለው። ለዚህ ግን ሁለቱ እኩል መታጠፍ አለባቸው። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ካለፈ ወንበር ላይ ይሰማል።
ከእናንተ የአንዱን ለክቻለሁ፣ ባሌስትራ ያስጨመረውን። የካምቢዮው መውጫ 4 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ካርዳኑ 12። የዲፈረንሻሉ መግቢያ 1። ፊት 8 ታጥፏል፣ ኋላ 11። ለዚህ መኪና የ3 ዲግሪ ሽብልቅ ልክ ነው። ባሌስትራው ከአክሱ በላይ ስለሆነ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ኋላ ይገባል። ተገልብጦ ከገባ ይብሳል።
ከፍ ለማድረግ ከባሌስትራው ሥር የሚገባውን ታኮ ብቻ ላስገባ ሰው ግን የዲፈረንሻሉ ማዘንበል አልተለወጠም። ሽብልቅ ብትሰጡት ያልነበረ በሽታ ትሰጡታላችሁ። ካርዳኑ ሁለት ቁራጭ የሆነ ደብል ጋቢና ሲነሳ የሚርገፈገፈው ከመሃሉ ኩሽኔታ ነው። እሱን በብረት ሮንዴላ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ርካሽ ነው።
መጀመሪያ ይለካ፤ ቅዳሜ ጠዋት እኔ እለካለሁ። ሁለት ሰው ይርዳኝ።

የሰባተኛው፣ 3፡12
እኔ አለሁ ጋሼ። ቶርኖ ቤቱንም ነገ አናግራለሁ፤ ጎረቤቴ ነው።

ባለ ግራጫው፣ 3፡20
እኔም ቅዳሜ አለሁ።

ባለ ነጩ ቪጎ፣ 3፡44
በፊደል ተራ ሲባል የትኛው ሀ ነው?

ጸሐፊ፣ 3፡46
ሀ ሁ ነዋ።

ባለ ነጩ ቪጎ፣ 3፡52
እኔ በመዝገባችሁ በብዙኃኑ ኀ ነው የተጻፍኩት፤ ከተ እና ከቸ ኋላ ማለት ነው። ሊብሬዬ ላይ ሃሌታው ሀ ነው። በሊብሬው አንደኛ ነኝ፣ በመዝገቡ ወደ ኋላ ነኝ። የመስክ ውል ይዣለሁ፣ ሰኞ እወጣለሁ። አንደኛ እገባለሁ።

የሜክሲኮው፣ 4፡01
የእኔ በለ ይጀምራል። ሃሌታው ሀ ያለው ሰው ከሌለ አንደኛው እኔ ነኝ። ሊብሬ ላይ የሚጽፈው ሰው የፊደል ሊቅ ነው እንዴ? ስምህ በግዕዙ በኀ ነው የሚጻፈው፤ ይታወቃል።

ባለ ነጩ ቪጎ፣ 4፡04
የመኪናው ባለቤት የሚታወቀው በሊብሬው ነው።

የለገሃሩ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡30
ሌሊቱን ይህን ስትጽፉ አደራችሁ? እኔ ሐመሩ ሐ ነኝ፣ ከለ ቀጥዬ። ምንም አላልኩም።

ባለ አረንጓዴው፣ 1፡48
በአበገደ ለምን አይሆንም? እሱም የእኛው ፊደል ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት ተምረነዋል።

የሜክሲኮው፣ 1፡50
አንተ አልፋው አ ስለሆንክ ነው።

ባለ አረንጓዴው፣ 1፡53
ብሆንስ? አንተ ለ ስለሆንክ አይደል ሀ ሁን የያዝከው?

ባለ ነጩ ቪጎ፣ 1፡57
በአበገደማ ኀ ጭራሽ ወደ መጨረሻው ነው። አልቀበልም።

ባለ ሲንግሉ፣ 2፡10
ልጆች፣ ያልኩትን ያነበበ አለ? መንቀጥቀጡ በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጀምር እያንዳንዳችሁ ጻፉልኝ። ስትነሱ ከ15 እስከ 30 ከሆነ ማዘንበሉን ወይም የመሃሉን ኩሽኔታ እንይ። 80 እና 90 ላይ ከሆነ የካርዳን ባላንስ ወይም ያለቀ ክሮቼራ ይሆናል። መሪው ላይ ብቻ ከሆነ ጎማ ነው። መንገዱ ባዶ ሲሆን 90 ላይ ማርሽ አውጥታችሁ ፎሌ አድርጉት። ነዳጅ ስትለቁ ከተለወጠ ማዘንበሉን ጠርጥሩ።

የለገሃሩ፣ 2፡14
የእኔ ስነሳ ነው ጋሼ፣ 20 አካባቢ። ደብል ጋቢና።

ባለ ሲንግሉ፣ 2፡16
ከስር ግባና የመሃሉን ኩሽኔታ ጎማ በእጅህ ነቅንቀው። ካልተቀደደ ሮንዴላ ነው የሚበቃህ።

ባለ ነጩ ቪጎ፣ 2፡40
ጸሐፊው ይመልስልኝ። መዝገቡን በኀ የጻፈው ማነው? ማንን ጠይቆ?

ጸሐፊ፣ 2፡55
እኔ ነኝ። ትክክለኛው አጻጻፍ ስለሆነ ነው።

ባለ ነጩ ቪጎ፣ 2፡58
ስሜን እኔን ሳትጠይቅ «ትክክለኛ» ታደርጋለህ? አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው። 6 ዓመት መዋጮ ከፍዬ ስሜን እንኳ በራሴ ፊደል አላገኝም?

የሜክሲኮው፣ 3፡02
ለአንድ ፊደል 14 ሰው ታግታለህ።

ባለ ነጩ ቪጎ፣ 3፡03
አንተ ዝም በል። መጀመሪያ መኪና ከፍ እናስደርግ ብለህ እዚህ ያገባኸን አንተ ነህ።

የሜክሲኮው፣ 3፡05
ጭቃ ላይ ስትጎተት የነበርከውን ረሳኸው? ያወጣሁህ እኔ ነኝ፣ በራሴ ገመድ።

ሊቀመንበር፣ 4፡20
በቃ። ሁለታችሁም። ጸሐፊው ሳይጠይቅ መጻፉ ልክ አይደለም። ባለ ቪጎውም ወንድሙን ዝም በል ማለቱ ልክ አይደለም።

ጸሐፊ፣ 4፡33
ይቅርታ ወንድሜ። መጠየቅ ነበረብኝ። አስተካክላለሁ።

ባለ ነጩ ቪጎ፣ 4፡41
እሺ። እኔም ቃሌ በዝቷል። ገመዱን አልረሳሁም።

ገንዘብ ያዥ፣ 5፡00
ዕጣ አድርጉት። እቁብ ስንጥል ፊደል ጠይቀን እናውቃለን?

የለገሃሩ፣ 5፡03
ዕጣ ይሁን።

የሜክሲኮው፣ 5፡09
ዕጣ ይሁን፤ ግን ስማችን ከየትኛው ዝርዝር ይገባል? መዝገቡ ላይ ሁለት ቦታ የተጻፈ ሰው አለ። መኪናውን የሸጠም አለ። መጀመሪያ መዝገቡ ይጥራ።

ጸሐፊ፣ 6፡30
እንግዲያው ረቂቁ ላይ እጨምራለሁ፦ አንድ፣ መዝገቡ በሊብሬ ይታረማል፣ ሦስት ሰው ይመረጣል። ሁለት፣ እሁድ ዕጣ ይወጣል። ሦስት፣ ጥገናው።

ባለ ሲንግሉ፣ 6፡45
ሦስተኛው ነበር እኮ መጀመሪያ የተነሳው።

ባለ ግራጫው፣ ረቡዕ ምሽት 1፡10
ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ቅዳሜን መጠበቅ አልቻልኩም። ካርዳኑን አስፈትቼ ክሮቼራ አስቀየርኩ። ከበፊቱ ባሰ። አሁን 40 ላይ መስታወቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

ባለ ሲንግሉ፣ 1፡25
ሲፈታ ምልክት ተደርጎበታል?

ባለ ግራጫው፣ 1፡27
አይ።

ባለ ሲንግሉ፣ 1፡40
እንደዚያ ከሆነ ተንሸራታቹ የካርዳን ክፍል ጥርስ ተዘልሎ ገብቷል። የካርዳኑ የሁለት ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ከስር ግባና በዓይንህ እየው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ከዞረ ፈትተህ አስተካክል። ሌላ ዕቃ አትግዛ። ሁላችሁም ስሙኝ፦ ካርዳን ከመፈታቱ በፊት በቀለም ወይም በመሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምልክት ይደረግ። መካኒኩ «አያስፈልግም» ቢል እንኳ አስደርጉ።

ባለ ግራጫው፣ ሐሙስ ጠዋት 3፡00
ዞሮ ነበር። ተስተካከለ። ተባረኩ ጋሼ። ቅዳሜ ግን አልመጣም፤ ሰርግ አለብኝ።

ባለ ሲንግሉ፣ 3፡15
የሰባተኛው፣ ቶርኖ ቤቱ ምን አለ? አሉሚኒየም እንዳትቀበል፣ ይሰነጠቃል። ብረት ይሁን። ታኮ ላለው ደግሞ ሽብልቅ መደረብ አልወድም፤ ታኮው ራሱ በማዘንበል ይቆረጥ።

ባለ ሲንግሉ፣ ዓርብ ጠዋት 2፡00
የሰባተኛው?

ገንዘብ ያዥ፣ 2፡30
ስልኩም ዝግ ነው።

ጸሐፊ፣ ዓርብ ምሽት 1፡00
ለእሁድ የሚቀርበው ይህ ነው፦ መዝገቡ በሊብሬ ይታረማል። አራሚዎቹ የሜክሲኮው፣ ባለ አረንጓዴውና እኔ ነን። አዲስ መዝገብ ይታተማል፣ ወጪው ከመጠባበቂያው። ከታረመ በኋላ ዕጣ ይወጣል። የጥገናው 70,000 መኪኖቹ እስኪለኩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆያል።

ገንዘብ ያዥ፣ 1፡08
ለማሳተሚያው እስማማለሁ። ደረሰኝ ግን አምጡ።

ባለ ሲንግሉ፣ 1፡30
ቅዳሜ ከ2 ሰዓት ጀምሮ ስታዲየም ጀርባ ነኝ። ማዘንበል መለኪያ ይዣለሁ። ረዳት ባይኖርም ለመጣ ሰው እለካለሁ።

ባለ ሲንግሉ፣ ቅዳሜ ቀን 7፡20
የመጡት ሁለት ናቸው። የለገሃሩን መሃል ኩሽኔታ በ12 ሚሊ ሮንዴላ ዝቅ አድርገን ሲነሳ የሚርገፈገፈው ጠፋ። የባለ ቪጎው የፊትና የኋላ ልዩነቱ ልክ ነው፣ ግን ሁለቱም ጫፍ ከመጠን በላይ ታጥፏል። ለሰኞ የሚደርስ ካርዳን ስለሌለ ታኮውን አውጣው አልኩት።

ባለ ነጩ ቪጎ፣ እሁድ ምሽት 12፡40
ታኮውን አስወጣሁ። ዛሬ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሞጆ በፈጣን መንገዱ 100 ይዤ ሄድኩ። ምንም የለም፤ ጸጥ ያለ ነው። ነገ ወደ ሥራ እወጣለሁ። ዕጣው ላይ ስሜ ይግባ፣ በሃሌታው።