ወንድሜ ወታደራዊ አታሼ መሆን ይፈልጋል፤ ከየት ይጀምር?

ጥያቄ (የመቶ አለቃው እህት፣ አዳማ)
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ መከላከያ ውስጥ መቶ አለቃ ነው። ሰሞኑን በፈቃድ መጥቶ እኛ ጋ ነው ያለው፤ ማታ ማታ ደብተር ዘርግቶ የዓረብኛ ፊደል ሲጽፍ ያመሻል። ሐሳቡ የጎረቤት አገሮችን ጉዳይ የሚከታተል መኮንን፣ ሲሳካለትም በኤምባሲ ወታደራዊ አታሼ፣ ማለትም ጦሩን ወክሎ ውጭ አገር የሚሠራ መኮንን መሆን ነው። እኔ መምህርት ነኝ፤ የወታደር ቤቱን ነገር አላውቀውም። ቋንቋ ይቅደም ወይስ ማስተርስ? የምታውቁ እባካችሁ ምከሩን።

መልስ (ጡረታ የወጣ ሻለቃ)
እህቴ፣ ገና በመቶ አለቅነቱ ይህን ማሰቡ ደስ ይላል። አታሼ ሆኖ የሚላከው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛ መኮንን ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጦሩን ይወቅ። የሻምበል ጦር ሳይመራ ስለ ሌላ አገር ሠራዊት ምን ብሎ ሪፖርት ይጽፋል? የሰላም ማስከበር ግዳጅ ካገኘም አይለፈው። በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ባለችው አብዬ ለሰላም ማስከበር ሳለሁ ዓረብኛ የሚሞክር አንድ መቶ አለቃ ነበረን። በአስተርጓሚ ስናናግራቸው ቆመው የሚሰሙን ዓረብኛ ተናጋሪዎቹ የሚሴሪያ አርብቶ አደር ሽማግሌዎች፣ እሱ ሰላምታውን ሲጀምር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። ያን ቀን ነው የቋንቋ ጥቅም የገባኝ።
ደግሞ አታሼ ሰላይ እንዳይመስለው። ሥራው በግልጽ የሚታወቅ ነው፤ በ1961 እ.ኤ.አ. የቪየና ስምምነት መሠረት ተቀባዩ አገር ስሙ አስቀድሞ እንዲቀርብለትና እንዲያጸድቀው መጠየቅ ይችላል።

መልስ (ከአሜሪካ)
እዚህ ምድር ጦሩ ውስጥ የሌላ አገርን ጉዳይ የሚከታተል መኮንን ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መኮንኑ በክፍሉ ዓመታት ካገለገለ በኋላ ይመረጣል። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ከተማ ባለው የጦሩ የቋንቋ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ 36፣ ዓረብኛ 64 ሳምንት ይፈጃል። በተመደበበት አካባቢ ኖሮ መልመድና ማስተርስም አሉበት። ለወንድምሽ ቋንቋው ይቅደም እላለሁ፤ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

መልስ (የጅቡቲ መስመር ሾፌር፣ አዳማ)
ዓረብኛውን አይተው፣ ግን ሶማልኛን አትርሱ። ጅቡቲ ላይ የመንግሥት ቋንቋ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ይሁን እንጂ ሰው የሚያወራው ሶማልኛና አፋርኛ ነው። እኔ ሶማልኛ የለመድኩት ወረፋ ስጠብቅ፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ፈቃዱ ሳያልቅ መኪና ማቆሚያው ጋ ይምጣ፣ ከጓደኞቼ ጋር ላስተዋውቀው።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ሻለቃ፣ የጻፉትን አነበብኩለት፤ የሽማግሌዎቹን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ፈቃዱ 5 ቀን ቀርቶታል። ወንድም ሾፌር፣ ነገ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ይመጣል።