12ኛ ክፍል ነኝ፤ ቴኒስ ማየት ልተው ወይስ ልምረጥ?

ሰላም ለሁላችሁ።

የምኖረው ጀሞ ነው። ዘንድሮ፣ በ2018፣ 12ኛ ክፍል ነኝ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ። ጥያቄዬ አንዳንዶቻችሁን ሊያስቅ ይችላል፤ እኛ ቤት ግን የእራት ሰዓት ክርክር ሆኗል። ቴኒስ ማየት በጣም እወዳለሁ። መጫወት አላልኩም። ራኬት በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ሰፈራችንም ሜዳ የለም። ማየት ብቻ።

የጀመረኝ በ2012 በኮሮና ጊዜ ነው። 6ኛ ክፍል ነበርኩ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ኳስ በየሀገሩ ቆሞ ስለነበር አባቴ የሚያየው አጥቶ ሪሞቱን ሲነካካ፣ የድሮ ጨዋታ የሚደግም ቻናል ላይ አረፈ። የፈረንጆቹ 2019 የዊምብልደን ፍጻሜ፣ ጆኮቪች ከፌደረር። አባቴን ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ እንቅልፍ ጣለው። እኔ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ወደ 5 ሰዓት የሚጠጋ ጨዋታ ነው። ፌደረር በገዛ ሰርቩ (ኳሷን መትቶ የሚያስጀምረው እሱ ሆኖ) ሁለት የሻምፒዮንነት ነጥብ ይዞ፣ ማለትም አንዷን ቢያገኝ ዋንጫው የሱ ሆኖ፣ በጠቅላላ ነጥብም በልጦ፣ ተሸነፈ። ብዙ ነጥብ ያገኘው ሰው የሚሸነፍበት ጨዋታ መኖሩ ገረመኝ። እስካሁንም ይገርመኛል።

አሁን ወደ ዘንድሮ። ከሰኞ እስከ አርብ ትምህርት፣ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ምሳ ቲቶሪያል፣ ማታ ማታ ደግሞ ከቴሌግራም ያወረድኳቸው ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች። አምና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን እናቴ በቃሏ ይዛዋለች። በዚህ የተነሳ አዋጅ ወጣ፦ እስከ ሐምሌ ቴሌቪዥን የለም። የአባቴ ፕሪሚየር ሊግ ግን በአዋጁ አልተካተተም። ለምን ብዬ ብጠይቅ «እሱ አይፈተንም» ተባልኩ።

ችግሩ የቴኒስ ካላንደር ሆን ብሎ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ የተቀመመ ይመስላል። አውስትራሊያ ኦፕን ጥር 10 ይጀምራል፣ ልክ በከተራ። የመንፈቅ ዓመት ፈተናችንም እዚያው ሰሞን ነው። የቀን ጨዋታዎቹ በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው የሚጀምሩት። የፓሪሱ ውድድር ሮላን ጋሮስ ከግንቦት 16 እስከ ግንቦት 30፣ የሞዴል ፈተና ወቅት። ዊምብልደን ሰኔ 22 ይጀምርና ሐምሌ 5 ያልቃል። ብሔራዊ ፈተናው ባለፉት ዓመታት የተሰጠው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እዚያው መሀል።

እናቴን በኮኮ ጎፍ ልረታት ሞክሬ ነበር። ጎፍ በፈረንጆቹ 2019 በ15 ዓመቷ ዊምብልደን ለመግባት ማጣሪያ ስትጫወት፣ በጨዋታው ዋዜማ በማታ የሳይንስ ፈተናዋን ተፈትናለች። ቢ አመጣች። ከዚያ ገብታ ቬነስ ዊሊያምስን 6 ለ 4፣ 6 ለ 4 አሸነፈች። በ2022 ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ምርቃት ጋውኗን ለብሳ ፓሪስ ኤፍል ማማው ፊት ፎቶ ተነሳች፣ ቀጥላም ለሮላን ጋሮስ ፍጻሜ ደረሰች። እናቴ ጸጥ ብላ ሰማችኝና «እሷ ተጫዋች ናት። አንቺ ማን ነሽ?» አለች። እስቲ ምን ይባላል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ከናንተ መሀል በፈተና ዓመት የሚወደውን ነገር ያልተወ ሰው አለ? መርጬ ልይ ካልኩስ በምን ልምረጥ? «ሁሉም በልኩ ነው» የሚል መልስ እንዳትጽፉ፤ እሱን አክስቴ ብላኛለች።

*

መልስ 1 ~ የካምፓስ ልጅ

እኔ በ2016 ነው የተፈተንኩት። የማንቼ ደጋፊ ነኝ፣ ስለዚህ መከራን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ጊዜሽን የሚበላው ጨዋታው አይደለም። ጨዋታው ይጀምራል፣ ያልቃል። የሚበላው በጨዋታና በጨዋታ መሀል ያለው ነገር ነው። ስኮር ማየት፣ ሃይላይት፣ ኮሜንት ላይ መጨቃጨቅ፣ «አንድ ቪዲዮ ብቻ» ብሎ ቲክቶክ መግባት። እኔ 12ኛ ክፍል እያለሁ ጨዋታውን ራሱን አልተውኩም፣ ከስልኬ ላይ ግን ስለ ኳስ የሚያወራ ነገር በሙሉ አጠፋሁ። ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ሄጄ አይቼ እመለሳለሁ፣ አለቀ።

ግን እውነቱን ለመናገር ኳስ ይቀላል። 90 ደቂቃና ጭማሪ ነው። የናንተው ጨዋታ ሰዓት የለውም። አምና የሮላን ጋሮስ ፍጻሜ ላይ አልካራዝና ሲነር 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ነው የተጫወቱት። የጰራቅሊጦስ ዕለት፣ እዚህ ዶርም አንዱ ልጅ ከፍቶት ነበር። ከ10 ሰዓት ጀምሮ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ድረስ! ካፌ እራት አመለጠን። የሚያናድደው ደግሞ ሲነር ሦስት የሻምፒዮንነት ነጥብ ነበረው፤ ያኔ ቢጨርሰው ኖሮ እራት እንደርስ ነበር።

ዊምብልደንን ግን እርሺው። እኔ ስፈተን ፈተናው የተሰጠው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበር፣ ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም ነበር። ማን አሸነፈ ብለሽ የምትጠይቂው ሰውም አታገኚም። የመጀመሪያው ቀን ላይ ትንሽ ይጨንቅሻል። ሒሳብ ከተፈተንሽ በኋላ ስምሽንም ትረሻለሽ።

*

መልስ 2 ~ ዝምተኛው

ሁለት ሰው አንዲት ኳስ ሲያመላልስ 5 ሰዓት ቁጭ ብሎ ማየት? እናትሽ ልክ ናቸው።

*

መልስ 3 ~ ሜልቦርን ነኝ

የኔ ቆንጆ፣ እኔ ያለሁት አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ነው፤ ፉትስክሬይ። ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ስለሆነ ጥር ላይ ከከተራ ዝግጅት ጋር ቴኒሱም አብሮ ወሬ ይሆናል። የግቢ መግቢያ ትኬት ቆርጬ ትንንሾቹ ሜዳዎች ጋ መዞር ነው የምወደው። ትልቁ ሜዳ ላይ ተጫዋቹ ሩቅ ነው፤ ትንሹ ጋ ሲያለከልክ ይሰማሻል። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው።

ስለ ሰዓቱ ልርዳሽ። ሌሊት 9 ሰዓት የሚጀምረውን ተይው። የመጀመሪያው ሳምንት የቀን ጨዋታ አብዛኛው ብዙም የማያጓጓ ነው፣ ለሱ ብለሽ እንቅልፍሽን አትስጪ። ዋና ዋናዎቹ እዚህ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይገባሉ፤ እናንተ ጋ ረፋድ 5 ሰዓት ነው። ሁለቱም ፍጻሜዎች ደግሞ እናንተ ጋ ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል ናቸው። የሴቶቹ ቅዳሜ ጥር 23፣ የወንዶቹ እሁድ ጥር 24። እሁዱን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደርሺበታለሽ።

ደግሞ የሴቶቹን ምረጪ። ከሦስት ዙር ስለማያልፍ ብዙ ጊዜ በሁለት ሰዓት አካባቢ ያልቃል። አምና ዊምብልደን ፍጻሜ ላይ ሽዊዮንቴክ አኒሲሞቫን 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 ያሸነፈቻት አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። እርግጥ ያቺ ልጅ አሳዘነችኝ።

የኔ ልጅም ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቱን ይጀምራል። እዚህ ጥር የክረምት... ማለቴ የበጋ ዕረፍት ነው፣ ፈተናቸው ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር። ቴኒሱን ተንፈላሶ ያያል። ላንቺ ግን አዘንኩልሽ።

*

መልስ 4 ~ መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ ረጅም ጽሑፍ ጻፍሽ፣ ጎበዝ ጸሐፊ ነሽ። ስለ ጆኮቪች፣ ስለ ጎፍ፣ ስለ እናትሽ ነገርሽን። አንድ ነገር ብቻ አልነገርሽንም፦ በየትምህርቱ ስንት እያመጣሽ ነው? የሚፈለገው ከ600 300 ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይሸከመዋል፣ ሁለቱ ሲወርዱ ግን ይከብዳል። ቴኒስ ትዪ ወይስ አትዪ የሚለውን እኔ መመለስ የምችለው ቁጥሩን ሳይ ነው።

ሌሊት 9 ሰዓት መነሳትን ግን ቁጥር ሳላይ እከለክላለሁ። ክፍል ውስጥ ዓይኑን ገልጦ የሚተኛ ተማሪ ሃያ ዓመት አይቻለሁ።

*

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የካምፓሱ ልጅ፣ ስለ ስልኩ ያልከው ልክ ነው፤ ማንም አልነገረኝም ነበር። ለእናቴም ያቀረብኩት እሱኑ ነው። ስልኬ ላይ ያለው የስኮር አፕ ይጠፋል፣ በምትኩ አውስትራሊያ ኦፕን ላይ ረፋድ ያሉትንና የእሁዱን ፍጻሜ አያለሁ፣ ሮላን ጋሮስ ላይ ደግሞ ፍጻሜዎቹን ብቻ። ወዲያው እሺ አላለችም። «እስቲ የመንፈቁን ውጤት ልይ» አለች። እኛ ቤት ይሄ እሺ ማለት ነው።

እህቴ ሜልቦርን፣ የሴቶቹ ፍጻሜ ቅዳሜ ነው፣ ቲቶሪያል ላይ ነኝ። የማይሆን ነገር አሳየሽኝ! ድጋሚውን ማታ አያለሁ፤ አባቴ ውጤቱን እንዳይነግረኝ አስምዬዋለሁ። ዊምብልደንም እንደዚያው፤ ከፈተና ስወጣ ማንም ምንም አይነግረኝም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጨዋታ ጀምሬ እየደገምኩ አያለሁ። ዝምተኛው፣ አንተን ደግሞ አልካራዝ ይቅር ይበልህ።

መምህር፣ እርስዎ የጠየቁኝን ሆን ብዬ ነበር የዘለልኩት። አብዛኛው ከ60 በላይ ነው። ፊዚክስ 41። ፕሮጀክታይል ሞሽን ሲመጣ ቀመሩን አውቀዋለሁ፣ ጥያቄው ውስጥ ግን የቱን የት እንደማስገባ ይጠፋኛል።

*

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

እንግዲያው ይቺን ሥሪልኝ። ተጫዋቿ ኳሷን ከመሬት 2.7 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥ ብላ አግድም ሰርቭ መታች። መረቡ በ11.89 ሜትር ርቀት ላይ ነው፣ ቁመቱ መሀል ላይ 0.914 ሜትር። ሰርቭ የሚያርፍበት ሳጥን ከመረቡ ማዶ እስከ 6.40 ሜትር ነው። የአየር ግጭትን ተዪው፣ g 10 ይሁን። መረቡን ታልፋለች? ሳጥኑ ውስጥ ታርፋለች?

*

ጠያቂዋ

180ን ወደ ሜትር በሰከንድ ስቀይረው 50 መጣ። መረቡ ጋ የምትደርሰው በ0.24 ሰከንድ ገደማ ነው፣ እስከዚያ የምትወርደው 28 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ስለዚህ በ2.4 ሜትር ከፍታ ትሻገራለች፤ መረቡን በደንብ ታልፋለች። መሬት የምትነካው ግን በ0.73 ሰከንድ አካባቢ ነው፣ ከ36 ሜትር በላይ ሄዳ። ሜዳው በሙሉ 23.77 ሜትር ነው እኮ። ኳሷ ተመልካች ጋ ገባች። አውት!

*

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

ልክ ነሽ። አሁን 7 ዲግሪ ወደ ታች አድርጋ ትምታው፣ ፍጥነቱ ያው ነው። መረቡን ለጥቂት ነው የምታልፈው፤ በስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ አስልተሽ እስከ ነገ ማታ ላኪልኝ። ሳይንና ኮሳይኑን እንዳታቀያይሪ።