ሞዳል ዳያሎግ ሲከፈት «ፕሮግራሙ ይቆማል» ሲባል በትክክል የሚቆመው ምንድን ነው?

መለዋወጫ_አዳማ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ለሚገኝ የመኪና መለዋወጫ መደብር የሽያጭና የክምችት መመዝገቢያ ፕሮግራም በጃቫ ስዊንግ (በጃቫ ቋንቋ መስኮቶችንና ቁልፎችን መሥሪያ) እየሠራሁ ነው። ፕሮግራሙ ሁለት ዋና መስኮቶች አሉት፤ በአንደኛው ካሸሯ ሽያጭ ትመዘግባለች፣ ደንበኛ «የቪትዝ ፍሬን ሸራ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት ደግሞ ወደ ሁለተኛው ተሻግራ ክምችቱን ትፈልጋለች። ዳታቤዙ ያለው በሌላኛው ቅርንጫፍ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ኔትወርኩ ሲደክም አንድ ሽያጭ እስኪመዘገብ ጥቂት መጠበቅ የተለመደ ነው።

ያስቸገሩኝ ነገሮች ሁሉም ከሞዳል ዳያሎግ፣ ማለትም እስኪዘጋ ድረስ ሌሎቹን መስኮቶች ከሚያግደው ትንሽ መስኮት፣ ጋር የተያያዙ ናቸው። ማረጋገጫ የሚጠይቀው ዳያሎግ ተከፍቶ ሳለ ካሸሯ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሄዳ ስትመለስ፣ ዳያሎጉ ከዋናው መስኮት ጀርባ ይደበቃል፤ ፊት ለፊት ያለው መስኮት ምንም ጠቅታ ስለማይቀበል «ኮምፒውተሩ ደርቋል» ብላ ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለውን ዳያሎግ ሞዳል ሳደርገው፣ ዳያሎጉ እስካልተዘጋ ድረስ ምዝገባው ጨርሶ አይጀምርም፤ ሞዳል ሳላደርገው ደግሞ ጽሑፉ የማይታይበት ባዶ ግራጫ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። በተጨማሪም የሽያጭ መስኮቱ ማረጋገጫ ሲጠይቅ የክምችት መስኮቱ አብሮ ይታገዳል። እነዚህ የተለያዩ ችግሮች ናቸው ወይስ አንድ ሥር አላቸው?

ታቦር_ሐዋሳ፦

ሥር መሠረታቸው አንድ ነው ለማለት ይቻላል። «ሞዳል ዳያሎግ ያግዳል» ሲባል ሁለት የተለያዩ እገዳዎች በአንድ ቃል ይጠቀለላሉ። አንደኛው ተጠቃሚው ሌሎቹን መስኮቶች እንዳይነካ የሚከለክለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ዳያሎጉን የከፈተው ኮድ ዳያሎጉ እስኪዘጋ ድረስ ወደሚቀጥለው መስመር እንዳያልፍ የሚይዘው ነው። ያላነሡት ሦስተኛ ነገር ደግሞ አለ፤ የኤቨንቶች (እንደ ጠቅታና መስኮት መሣል ያሉ ክንውኖች) መስተናገድ አይቆምም። ስዊንግ መስኮቶችን የሚሥለውም ጠቅታዎችን የሚቀበለውም በአንድ የኤቨንት ትሬድ (ኤቨንቶችን በየተራ በሚያካሂድ የሥራ መስመር) ላይ ነው፤ ሞዳል ዳያሎግ ላይ መስኮቱን የሚያሳየውን «ሴትቪዚብል(ትሩ)» ሲጠሩ ያ ትሬድ እዚያው መስመር ላይ እንደተያዘ፣ በውስጡ ግን ሌላ የኤቨንት ሉፕ (ወረፋ ላይ ያሉትን ኤቨንቶች እየደጋገመ የሚያነሣ ዑደት) ከፍቶ ማስተናገዱን ይቀጥላል። ይህ የጃቫ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በዊንዶውስ «ዳያሎግቦክስ» የተባለው ፈንክሽንም ባለቤት መስኮቱን አግዶ የራሱን የመልእክት ሉፕ ያስኬዳል።

የመጠበቂያ ዳያሎግዎን በዚህ ዓይን ይመልከቱት። ሞዳል ሲያደርጉት የምዝገባው ኮድ ከ«ሴትቪዚብል» በታች ስለተጻፈ ተራው አይደርሰውም። ሞዳል ሳያደርጉት ምዝገባው ወዲያው ይጀምራል፤ ነገር ግን የሚሠራው በራሱ በኤቨንት ትሬድ ላይ ስለሆነ፣ ዳያሎጉን የሚሥለው ኤቨንት ወረፋ ላይ እንዳለ ምዝገባው ያልቃል፤ ባዶው ግራጫ ሳጥን የመጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው ምዝገባውን ከኤቨንት ትሬዱ ውጭ በጀርባ ለሚያካሂደው «ስዊንግወርከር» መስጠት ነው። «ዱኢንባክግራውንድ» ከሰርቨሩ ጋር ይነጋገራል፣ «ደን» የተባለው ሜተድ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ በኤቨንት ትሬድ ላይ ተጠርቶ ዳያሎጉን በ«ዲስፖዝ» ይዘጋል። ብዙ ሰው የሚስተው ቅደም ተከተሉን ነው፦

ወርከር.ኤክሲኪዩት();
ዳያሎግ.ሴትቪዚብል(ትሩ);

ሁለቱን መስመሮች ካገላበጧቸው ወደ መጀመሪያው ችግርዎ ይመለሳሉ። «ወርከሩ ዳያሎጉ ሳይከፈት ቢጨርስስ?» የሚል ስጋት አይግባዎት፤ «ደን» ወረፋ የሚይዘው በኤቨንት ትሬዱ ላይ ስለሆነ፣ ትሬዱ ደግሞ የሚለቀቀው ዳያሎጉ ተከፍቶ የውስጡ ሉፕ ሲጀምር ስለሆነ፣ ዳያሎጉ ብልጭ ብሎ ይዘጋል እንጂ ተከፍቶ አይቀርም። በሁለቱ መስመሮች መካከል ግን የወርከሩ ውጤት እስኪመጣ የሚጠብቀውን «ጌት» የሚለውን ሜተድ እንዳይጠሩ፤ ትሬዱን አስይዘው ሁሉንም መልሰው ያደርቁታል። የመጠበቂያው ዳያሎግ በጥግ ባለው የኤክስ ምልክት እንዳይዘጋም የመዝጊያ ጠባዩን «ዱ ናቲንግ» ያድርጉት፤ የጄዳያሎግ ነባሪ ጠባይ መደበቅ ነው።

ከጀርባ የሚደበቀው ዳያሎግ ባለቤት፣ ማለትም ከበላዩ የሚቆምለት ዋና መስኮት፣ የለውም ብዬ እገምታለሁ። ዳያሎጉን የሚፈጥረው ኮንስትራክተር ላይ በባለቤቱ ቦታ «ነል» (ባዶ) ሰጥተው ከሆነ፣ ስዊንግ ማንም የማያየው አንድ የጋራ ፍሬም (ዋና መስኮት) ፈጥሮ ባለቤት ያደርገዋል፤ ስለዚህ የመስኮት ሥርዓቱ ዳያሎጉ ከየትኛው መስኮት በላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እውነተኛውን የሽያጭ ፍሬም ይስጡት፤ ኮዱ ፓነል ውስጥ ሆኖ ፍሬሙን ማግኘት ካስቸገረ «ስዊንግዩቲሊቲስ.ጌትዊንዶውአንሰስተር» ያመጣልዎታል። ከዚያ መጠኑን ከይዘቱ ጋር የሚያስተካክለውን «ፓክ»፣ ቀጥሎ ከባለቤቱ አንጻር ቦታ የሚያስይዘውን «ሴትሎኬሽንሪላቲቭቱ»፣ በመጨረሻ «ሴትቪዚብል»ን ይጥሩ። መጠኑን በቁጥር አይወስኑት፤ የአማርኛ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ፎንት ሲያገኝ ይሰፋና የመጨረሻዎቹ ፊደላት ይቆረጣሉ።

የክምችት መስኮቱን በተመለከተ፣ ከጃቫ 6 ጀምሮ ሞዳልነት ዓይነት አለው። «ትሩ» ብለው ሲከፍቱ የሚያገኙት «አፕሊኬሽን ሞዳል» ሲሆን የፕሮግራሙን መስኮቶች በሙሉ ያግዳል። «ዶክዩመንት ሞዳል» ካደረጉት የሚታገደው የባለቤቱ ፍሬምና ከሥሩ ያሉት ብቻ ናቸው፤ የክምችቱ ፍሬም ለብቻው የቆመ ስለሆነ ነፃ ይሆናል። ይህም ቢሆን የሚሠራው ባለቤቱ በትክክል ከተሰጠ ነው።

ፍራንኮ_ዴቭ፦

ከላይ የተሰጠው መልስ በቂ ነው፤ እኔ አንድ የሚያስፈራ ነገር ብቻ ልጨምር። «ሾውኮንፈርምዳያሎግ» የሚመልሰው ሁለት መልስ ብቻ አይደለም። አዎ 0 ነው፣ አይ 1 ነው፣ ተጠቃሚው በኤክስ ምልክቱ ወይም በኢስኬፕ ቁልፍ ሲዘጋው ደግሞ የሚመጣው -1 ነው። «መልሱ አይ ካልሆነ ሰርዝ» ብሎ የተጻፈ ኮድ፣ ሐሳቧን ቀይራ ዳያሎጉን በኤክስ የዘጋችውን ካሸር ሽያጭ ይሰርዝባታል። ሁልጊዜ «መልሱ አዎ ከሆነ» ብለው ይጻፉት።

ቁልፎቹንም በእንግሊዝኛ አይተዋቸው። «ሾውኦፕሽንዳያሎግ» የራስዎን ጽሑፎች ይቀበላል፤ «ሽያጩን ሰርዝ» እና «ተመለስ» ተብለው ሲጻፉ ጥያቄውን ያላነበበ ሰው እንኳ ምን እንደሚጫን ያውቃል። በኢንተር ቁልፍ የሚመረጠው «ተመለስ» ይሁን፤ ካሸር ቀኑን ሙሉ ኢንተር ስትመታ ትውላለች።

ሐይቅ_ዳር፦

እኔ ደግሞ ማረጋገጫው ከነአካቴው ለምን አስፈለገ እላለሁ። ለእያንዳንዱ ሽያጭ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ዳያሎግ ከከፈቱ፣ ካሸሯ ሳታነበው ማለፍን ትለማመዳለች፤ ማንበብ በሚያስፈልግበት ቀንም እንደዚያው ታልፈዋለች። በዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከልና በአፕል የሠራው የኮምፒውተር ባለሙያ ላሪ ቴስለር የመኪናውን ሰሌዳ ሳይቀር «ሞድ ይቅር» («ሞዳል» የመጣው ከ«ሞድ» ነው) የሚል ትርጉም ባለው ጽሑፍ ያሠራው በከንቱ አልነበረም። የሚሰረዘው ሽያጭ ወዲያው የማይጠፋ ከሆነ፣ ማለትም መዝገቡ ላይ «የተሰረዘ» የሚል ምልክት ተደርጎበት ከታች «መልስ» የሚል ቁልፍ ከታየ፣ ዳያሎግ መክፈት አያስፈልግም። ሞዳሉን ለማይመለስ ነገር፣ ለምሳሌ የዕለቱን ሒሳብ ለመዝጋት፣ ያስቀምጡት።

የመሣሪያዎቹ አቅጣጫም ይህንኑ ያሳያል። እንደ ስዊንግ መስኮት መሥሪያ የሆነውና በ2020 የወጣው ጂቲኬ 4 ዳያሎግን ከፍቶ መልስ እስኪመጣ የሚይዘውን የቀድሞውን ፈንክሽን አስወግዷል፤ የሌላው መስኮት መሥሪያ የኪውት ሰነዶችም ኮዱን ከሚይዘው «ኤክሴክ» ይልቅ የማይዘውን «ኦፕን» እንዲጠቀሙ ይመክራሉ። ሁለቱም ተጠቃሚው እንዲታገድ ይፈቅዳሉ፤ የማይወዱት ኮዱ በውስጥ ሉፕ መያዙን ነው።

መለዋወጫ_አዳማ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤት ስሰጠው መደበቁ ቀርቷል፤ የመጠበቂያው ዳያሎግም አሁን ጽሑፉን ያሳያል። ለሽያጭ ስረዛ የ«መልስ» ቁልፉን እሞክረዋለሁ፤ የመደብሩ ባለቤት ግን ማረጋገጫ ካላየ አይተኛም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ካሸሯ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ካልነካች፣ የስዊንግ ታይመር (በተወሰነ ጊዜ ኮድ የሚያስነሣ ሰዓት) የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሞዳል ዳያሎግ ይከፍታል። ኔትወርኩ ዘግይቶ ይህ ዳያሎግ በመጠበቂያው ላይ ሲደረብ፣ ምዝገባው ሰርቨሩ ላይ ተጠናቆ እንኳ ደረሰኙ የሚታተመው የይለፍ ቃሉ ከገባ በኋላ ነው። ማተሚያውን የሚጠራው መስመር ያለው ከ«ሴትቪዚብል» ቀጥሎ ነው።

ታቦር_ሐዋሳ፦

መጀመሪያ ያነሣሁት ሦስተኛው ነገር፣ የኤቨንቶች መስተናገድ አለመቆሙ፣ ይህ ነው። ታይመሩ የሚተኩሰው በኤቨንት ትሬዱ ላይ ስለሆነ የመጠበቂያው ዳያሎግ አያስቆመውም፤ የውስጡ ሉፕ ያስተናግደዋል፣ እርሱም በላዩ ሌላ ሉፕ ይከፍታል። «ደን» መጠበቂያውን ቢዘጋውም፣ መጀመሪያ የተከፈተው ሉፕ መመለስ የሚችለው በላዩ ያለው ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው «ሴትቪዚብል» በታች ያለው ኮድ የይለፍ ቃሉን አብሮ ይጠብቃል።

የማተሚያውን ጥሪ ወደ «ደን» ያዛውሩት፤ እዚያ ሆኖ የይለፍ ቃሉ ዳያሎግ ክፍት ቢሆንም ይሠራል። ምዝገባው ከሰርቨሩ ስህተት ይዞ ተመልሶ ከሆነ ደረሰኝ እንዳይታተም፣ «ደን» ውስጥ በቅድሚያ ዳያሎጉን ዘግተው ቀጥሎ «ጌት»ን ይጥሩና ኤክሴፕሽኑን (የተላከውን ስህተት) እዚያው ይያዙ፤ «ጌት» ካልተጠራ በጀርባ የተፈጠረው ስህተት ድምፁን አጥፍቶ ይቀራል። ታይመሩን ደግሞ ወርከሩ ሲጀምር «ስቶፕ»፣ ሲጨርስ «ሪስታርት» ያድርጉት፤ ካሸሯ ሰርቨሩን እየጠበቀች ሥራ እንደፈታች መቆጠር የለባትም።