የካውንቲ ሚዲያን የቤተሰብ ገቢ፦ ከሦስቱ ቁጥሮች የትኛውን ልውሰድ?

ጠያቂዋ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። ለማኅበራችን የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ እየጻፍኩ ሳለ «የምታገለግሉበት አካባቢ ሚዲያን የቤተሰብ ገቢ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ላይ ቆሜአለሁ። የምናገለግለው ፌርፋክስ ካውንቲን፣ አሌክሳንድሪያንና ፎልስ ቸርችን ነው። ለፌርፋክስ ብቻ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አገኘሁ፤ ሦስቱም ከሕዝብ ቆጠራ ቢሮው የወጡ ናቸው። ለፎልስ ቸርች ደግሞ የአንድ ዓመቱ መረጃ የለም። የየቦታውን ደምሬ ለሦስት ባካፍል ያስኬደኛል?

ቁጥር ወዳድ

እህቴ፣ ማካፈሉን ይተዉት። ሚዲያን ማለት ቤተሰቦች በገቢያቸው መጠን ቢሰለፉ መሃል ላይ የሚቆመው ቤተሰብ ገቢ ነው፤ እዚህ ላይ ቤተሰብ የሚባለው በአንድ ቤት የሚኖረው ሁሉ ነው፣ ብቻውን የሚኖር ሰውም እንደ አንድ ይቆጠራል። ሦስት ሰልፎች ሲቀላቀሉ መሃሉ የት እንደሚያርፍ ከሦስቱ መሃሎች ብቻ ማወቅ አይቻልም። በዚያ ላይ በ2020 ቆጠራ ፌርፋክስ ካውንቲ ከ1.15 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ፎልስ ቸርች 14,658። እኩል ድምፅ ልንሰጣቸው ነው?

አንደኛው ቁጥርዎ የአሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ፣ ማለትም ቢሮው በየዓመቱ የሚያካሂደው የናሙና ጥናት፣ የአንድ ዓመት ግምት ይመስለኛል። የሚወጣው 65,000ና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ቦታዎች ብቻ ስለሆነ ፎልስ ቸርች አይገባበትም። ሁለተኛው የዚያው ጥናት የአምስት ዓመት መልሶች ተጠቃለው የሚወጣው የአምስት ዓመት ግምት ነው፤ ሁሉንም ካውንቲ ይሸፍናል፤ ገንዘቡም በመጨረሻው ዓመት ዋጋ ተስተካክሎ ይቀርባል። ሦስተኛው ሳይፒ የተባለው የሞዴል ግምት መሆን አለበት። እኔ የአምስት ዓመቱን እወስዳለሁ።

የአሌክሳንድሪያው

ከሒሳቡ በፊት ካርታውን ይዩ። በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች በየትኛውም ካውንቲ ሥር አይደሉም፤ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ስለሆኑ በመረጃው ላይ እንደ ካውንቲ ይቆጠራሉ። ፌርፋክስ የሚባል ከተማም አለ፤ እሱም ከካውንቲው የተለየ ነው። የፖስታ አድራሻ ደግሞ ያሳስታል፤ ቤይሊስ ክሮስሮድስ የሚኖር ሰው ፎልስ ቸርች ብሎ ይጽፋል፤ ቤቱ ያለው ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ተገልጋዮቻችሁ በእርግጥ የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው?

ጸጥተኛው ተመራማሪ

ቁጥር ወዳድ ሳይፒን ቶሎ አለፈው። ሳይፒ የጥናቱን ውጤት ከግብር መረጃና ከሌሎች መዝገቦች ጋር አጣምሮ ለእያንዳንዱ ካውንቲ በየዓመቱ ግምት ያወጣል። ናሙናው ቀጭን በሆነበት ትንሽ ካውንቲ የአንድን ዓመት ሁኔታ ለማወቅ ከአምስት ዓመቱ ይሻላል።

ቁጥር ወዳድ

እውነት ነው፤ ለአንድ ቦታ ብቻ ቢሆን እስማማለሁ። እሳቸው ግን ሦስት ቦታ ማዋሃድ አለባቸው፤ ሳይፒ የገቢ እርከኖችን አይሰጥም። ስለዚህ ሰንጠረዥ ቢ19001 ያስፈልጋቸዋል፤ ቤተሰቦችን በ16 የገቢ እርከን ይከፍላል።

አሠራሩ ይኸውልዎት። በየእርከኑ የሦስቱን ቦታዎች ቤተሰቦች ይደምሩ፤ ከታች ጀምረው እያጠራቀሙ ግማሹ የሚደርስበትን እርከን ይፈልጉ። ለማሳያ ያህል ጠቅላላው 1,000 ቤተሰብ ይሁን፤ ከ50,000 ዶላር በታች 420፣ ከ50,000 እስከ 59,999 ባለው 160 ቢኖሩ፣ 500ኛው የሚገኘው በዚህ እርከን ውስጥ ነው። ከ160ው 80 ያስፈልገናል፣ ማለትም ግማሹ። ስለዚህ ግምቱ 55,000 ዶላር ነው። በየእርከኑ ውስጥ ቤተሰቦች እኩል ተሰራጭተዋል ብሎ ማሰብ ነው፤ እርከኑ ሲሰፋ ግምቱ ይላላል። ፌርፋክስን በመሰለ ሀብታም አካባቢ መሃሉ ሰፋፊዎቹ እርከኖች ላይ ስለሚወድቅ «በግምት» የምትለዋን ቃል አይርሱ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አድራሻዎቹን መልሼ አያለሁ፤ ብዙዎቹ የቤይሊስ ናቸው። አንድ ነገር ልጨምር፤ የኪራይ ድጋፍ የሚሰጠው ቢሮ የሚጠቀምበት ቁጥር ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ደግሞስ የኢትዮጵያውያንን ብቻ ነጥዬ ማውጣት እችላለሁ?

የአሌክሳንድሪያው

የኪራዩ ቁጥር የሚመጣው ከፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት ሚኒስቴር ነው። መነሻው በዝምድና አብረው የሚኖሩ ሰዎች ገቢ ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው አይገባበትም። ከዚያም በቤተሰቡ አባላት ብዛት ይስተካከላል። አካባቢውም ሰፊው የዋሽንግተን ዙሪያ እንጂ አንድ ካውንቲ አይደለም። ለቅጽዎ አይሆንም።

ጸጥተኛው ተመራማሪ

ኢትዮጵያውያንን ለመለየት የጥናቱን ጥሬ የናሙና ፋይል፣ ማለትም የየመላሹን መልስ ስም ሳይጠቅስ የሚያቀርበውን፣ ይጠቀሙ፤ የአምስት ዓመቱን ይምረጡ። በትውልድ አገር፣ በዘር ሐረግ ወይም በቤት ውስጥ በሚነገር ቋንቋ መለየት ይቻላል፤ ሦስቱ የተለያየ ውጤት ስለሚሰጡ የመረጡትን በማመልከቻው ላይ ይግለጹ። የፋይሉ ትንሹ የቦታ ክፍል ቢያንስ 100,000 ሕዝብ ስላለው ፎልስ ቸርች ብቻውን አይወጣም። ሚዲያኑን ሲያሰሉ የቤቱን ክብደት (በናሙናው ያለ አንድ ቤት ስንት ቤቶችን እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር) ይጠቀሙ፤ የሰውን ክብደት ከወሰዱ ብዙ ሰው የሚኖርበት ቤት ተደጋግሞ ይቆጠራል። ገቢውንም በማስተካከያው ቁጥር ማባዛት አለ፤ አለበለዚያ የአምስት ዓመታት ዶላር ይደባለቃል። የስህተት ወሰኑ፣ ማለትም ግምቱ ወደላይና ወደታች ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል፣ በፋይሉ ውስጥ ለዚሁ ከተሰጡት 80 ተጓዳኝ ክብደቶች ይወጣል። ሰፊ ሆኖ ካገኙት ቁጥሩን ብቻውን አይጻፉ፤ ከነወሰኑ ያስቀምጡት። ገምጋሚዎች ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

ጠያቂዋ

የክብደቱን ነገር ባትነግሩኝ ኖሮ በሰው ቆጥሬ ነበር የማስገባው። ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ነው፤ የሦስቱን ድምር ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።