ኒል ወይስ ቦንቴምፔሊ? ቁጥር ይፍረድ?

ጥያቄው፦ በአውስትራሊያ ፉትቦል ሁለት አማካዮች ሲወዳደሩ ስታቲስቲክስ ዳኛ መሆን ይችላል ወይ? ጉዳዩን ያስነሱት የብሪዝበኑ ላኪ ኒል እና የዌስተርን ቡልዶግሱ ማርከስ ቦንቴምፔሊ ናቸው።

የፉትስክሬይ ልጅ፦ ቡልዶግስ የሰፈሬ ቡድን ነው፣ አዳላለሁ። ግን ይህን መልሱልኝ። ኒል የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ብራውንሎውን በ2020 እና በ2023 ወሰደ። ቦንት፣ ማለትም ቦንቴምፔሊ፣ በ2021 እና በ2023 ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። ተጫዋቾች ራሳቸው በሚመርጡት ሽልማት ግን በ2021፣ በ2023 እና በ2024 ያሸነፈው ቦንት ነው። አብረውት የሚጋጩት ሰዎች ያዩትን የእናንተ ሰንጠረዥ ያሳያል?

ቁጥር ወዳጅ፦ ተጫዋችም ሰው ነው፣ ያማረ ነገር ይማርከዋል። ሰው ላይ ሰው ተከምሮ ኳሱን ከሥር ማን እንዳወጣ በቴሌቪዥን ይታይሃል? አይታይም። ክሊራንስ የሚባለውን፣ ኳሱን ከዚያ ትርምስ ማውጣትን፣ ሰው ቁጭ ብሎ ስለሚቆጥር ነው የኒል ሥራ የታወቀው። ብራውንሎውንም ቢሆን የሚመርጡት የሜዳ ዳኞች ናቸው። በየጨዋታው 3፣ 2፣ 1 ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። ቅርባቸው ያለውን ያያሉ፣ ከአሸናፊዎቹ መካከል አማካዮች የሚበዙትም ለዚህ ይመስለኛል።

ኮሊንግውድ ነኝ፦ በ2018 የመጀመሪያው ሳምንት የሃውቶርኑ ቶም ሚቸል በእኛው በኮሊንግውድ ላይ 54 ዲስፖዛል አስመዘገበ። ለማያውቅ፣ ዲስፖዛል ኳሱን በእግር መትቶ ወይም በእጅ ጠልዞ መልቀቅ ነው። ሪከርድ ነው፣ ጨዋታውንም አሸነፉን፣ እሺ። ግን 54 ጊዜ መልቀቅ 54 ጊዜ መጉዳት ነው እንዴ? ወደ ጎን ለጓደኛህ የሰጠኸውም፣ ተከላካይ ሰንጥቀህ ያሳለፍከውም እኩል አንድ ተብሎ ይቆጠራል።

ቁጥር ወዳጅ፦ እህቴ፣ ለዚህ እኮ ነው የቅብብል ጥራት የሚለካው።

ኮሊንግውድ ነኝ፦ እንዴት እንደሚለካ ታውቃለህ? ከ40 ሜትር በላይ የተመታ ኳስ እኩል ለእኩል ወደሚታገሉበት ቦታ ከወደቀ “ውጤታማ” ይባላል። ጓደኛው ይያዘው አይያዘው ግድ የለም። ዝም ብሎ ወደፊት የሚጠልዝም ጥሩ መቶኛ ሊያገኝ ይችላል።

ጋሼ ኦቫል፦ ልጆች፣ 2020ን ረሳችሁት። በኮሮና ምክንያት የጨዋታው እያንዳንዱ ሩብ ከ20 ደቂቃ ወደ 16 ወረደ። መደበኛው ውድድርም 17 ጨዋታ ብቻ ነበር። የዚያን ዓመት ድምር ከሌላ ዓመት ጎን ማስቀመጥ ሚዛኑን ማጭበርበር ነው።

ቁጥር ወዳጅ፦ ልክ ነዎት ጋሼ፣ በደቂቃ መካፈል አለበት። ግን ልብ ይበሉ፣ ያ የሚጠቅመው ኒልን ነው። ባጠረ ሰዓት ነው ያን ሁሉ የሠራው።

ጋሼ ኦቫል፦ ይጥቀመው። እኔ ለሂሳቡ እንጂ ለማንም አልቆምኩም። ሌላም አለ። ተቃራኒው ቡድን አንድ ሰው መድቦ ሲያስከትለው የተጫዋቹ ቁጥር ይወርዳል። ያ ተከታይ ግን ከጨዋታው ወጥቷል፣ ሌላው ጓደኛው ተንፍሷል። ይህ በማን ስም ይመዝገብ?

የፉትስክሬይ ልጅ፦ እሰይ ጋሼ! እኔ የምለው፣ መጀመሪያውኑ ሥራቸው አንድ አይደለም። ቦንት ከ190 ሴንቲ በላይ ነው፣ ኒል 180 አይሞላም። ቦንት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከላይ ይይዛል፣ ጎል ያገባል። ግብ ሥር በቆመ ቁጥር መሃል ሜዳ የለም፣ ስለዚህ ክሊራንሱ ያንሳል። ሁለቱም “አማካይ” ስለተባሉ በአንድ ዓምድ ትደረድሯቸዋላችሁ።

ቁጥር ወዳጅ፦ እንግዲያው ጨዋታ ከመሃል ሲጀመር እዚያ የነበሩባቸውን ጊዜያት ብቻ ለይተን እናወዳድር። እሱም ይቆጠራል።

የፉትስክሬይ ልጅ፦ በዚያ ኒል ቢበልጥ አልከራከርህም፣ ውሰደው። ጎሉን ግን ከየትኛው ዓምድ ልትቀንስብኝ ነው?

ቁጥር ወዳጅ፦ ማን ይቀንሳል? ለብቻው ይጻፍ። አንድ ደረጃ አውጡ ካላችሁኝ ግን ኒልን ነው የማስቀድመው።

ኮሊንግውድ ነኝ፦ እኔ የእኛውን የኮሊንግውዱን ኒክ ዴይኮስን። በሉ ደግሞ በዚህ ተነሱብኝ።