ሴንሰሩ ነው ወይስ ካታሊስቱ? እባካችሁ ገላግሉኝ

ሰላም ወገኖች። የ2005 ቶዮታ ቪትዝ አለችኝ። የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ አልጠፋ አለኝ። ኮምፒውተር ሲሰካላት የምታወጣው ኮድ ፒ0420 ነው፤ ካታሊስቱ (የጭስ ማጽጃው) በደንብ እየሠራ አይደለም ማለት ነው። አንዱ መካኒክ «የኋላውን ኦክስጅን ሴንሰር ቀይር» አለኝ፤ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ «ካታሊስቱ አልቋል፣ ውስጡን ፈልፍለን እናውጣው» ይላል። ይሄን እንኳ አልፈልግም፤ ጭሱን ማን ይተንፍሰው?

እኔ እንደገባኝ የፊተኛው (ከካታሊስቱ በፊት ያለው) ሴንሰር የነዳጅና የአየሩን ድብልቅ ለማስተካከል ነው። የኋለኛው ካታሊስቱ ሥራውን መሥራቱን ይጠብቃል። ካታሊስቱ ደህና ከሆነ የኋለኛው ቮልት ብዙም አይወዛወዝም። የእኔ ግን ሞተሩ ሞቆም ከ0.1 እስከ 0.8 ይዘላል። በዚያ ላይ ጠዋት ስትነሳ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ቱቦ) ጋ ጠቅ ጠቅ ትላለች፤ የጋስኬቱ (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ጠርዝም ጥቀርሻ ይዟል።

ታዲያ በጋስኬቱ አየር እየገባ ሴንሰሩን እያሳሳተው ይሆን? ከሁሉም የሚረክሰው ጋስኬቱ ነውና ከሱ ልጀምር? ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሴንሰር አይጠፋም፤ ግን ዕድሜው ያልታወቀ ሴንሰር መግዛት ብር መጣል ይመስለኛል። በቅርቡ አዲስ ሴንሰር ወይም ካታሊስት ያስገባችሁ፣ ከነእጅ ሥራው ስንት ወጣባችሁ? መብራቱስ ከዚያ በኋላ ተመልሶ በራ?