ኤም ጂ ቢ፦ መንታውን ኤስ ዩ ካርቡሬተር አውጥቼ ዌበር ልግጠም?

የማራኪው ልጅ
ሰላም ወገኖች። ጎንደር ነው ያለሁት። አጎቴ ኤም ጂ ቢ የምትባል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ትቶልኛል፣ ሞዴሏ እ.ኤ.አ. 1966። ሞተሩ 1798 ሲሲ፣ ካርቡሬተሩ (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው) መንታ ኤስ ዩ፣ ሞዴሉ ኤች ኤስ 4 ነው። ትነሳለች፣ ትሄዳለች፤ ግን ቤንዚን በጣም ትጠጣለች። ጭሷ ጥቁር ነው፣ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለብሰው ይወጣሉ። ወደ ጎርጎራ ስወርድ ቀለል ይላታል፣ ወደ ደባርቅ ስወጣ ትታፈናለች። መካኒኬ «ሁለቱንም ጥለህ አንድ ዌበር (የሌላ ፋብሪካ ካርቡሬተር) ግጠምና ተገላገል» ይለኛል። አዲስ አበባ 32/36 ዲጂቪ የሚባለውን ዌበር ከነማኒፎልዱ (ከሞተሩ ጋር ከሚያገናኘው ቱቦ ጋር) አግኝቻለሁ። ልግዛው?

የአዘዞው መካኒክ
ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። እነዚህን ካርቡሬተሮች ስፈታና ስገጥም ነው ያረጀሁት፤ ሲጣሉ ማየት አልወድም።

ኤስ ዩ የጅክለር (ቤንዚን የሚወጣበት ቀዳዳ) መዓት የለውም። አንድ ጅክለር፣ በውስጡ ሾጠጥ ያለች መርፌ፣ ከላይ ደወል በሚመስለው ቤቱ ውስጥ የሚወጣና የሚወርድ ፒስተን። በቃ። ሞተሩ አየር ሲስብ ፒስተኑ ይነሳል፣ መርፌዋም አብራው ትወጣለች፣ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ይጨምራል። ግሩም ብልሃት ነው። ችግሩ፣ አየሩ መሳሳቱን በቅጡ አይለይም። መርፌዋ የተመረጠችው ለእንግሊዝ ዝቅተኛ ምድር ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ደባርቅ ወደ 2,800 ይጠጋል። እኛ ጋ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ዌበሩም ቢሆን ጅክለሮቹ ካልተቀየሩለት እዚህ ይታፈናል።

መጀመሪያ ቫልቭ፣ ካንዴላና ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው) ይስተካከሉ። ከዚያ ቾኩን (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ማስነሻውን) እይ። በዚህ ካርቡሬተር ቾክ ማለት ጅክለሩን ወደ ታች መሳብ ነው። ገመዱ ከዛገ ጅክለሩ እዚያው ይቀራል፣ ቤንዚኑም ይፈስሳል። ቾኩን መልስና ከስር ሁለቱንም ጅክለሮች በጣትህ ግፋ። ወደ ላይ የሚነሳ ካለ ሌባው እሱ ነው።

ደወሎቹ አናት ላይ 20 ቁጥር ዘይት ጨምር። በቀጭን የጎማ ቱቦ ጆሮህን አስጠግተህ የሁለቱ ካርቡሬተሮች የአየር ፉጨት እኩል እስኪሆን አስተካክል። ከዚያ የጅክለሩን ዳዶ ወደ ላይ፣ አንድ ጠርዝ ብቻ እያልክ። ልኩን ለማወቅ ፒስተኑን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይሞላ አንሳው። ሚኒሞው (ቤንዚን ሳትረግጥ የሞተሩ ዙር) ጨምሮ እዚያው ከቆየ ቤንዚን በዝቷል፣ ሊጠፋ ካለ አንሷል፣ ለአፍታ ጨመር ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው። ደግሞ አደራ፣ የአንዱን ፒስተን ከሌላው ደወል ጋር አታቀያይር። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው።

ባለ ላዳ
መካኒክህ ዌበር ቢወድ አይገርመኝም። የላዳ ካርቡሬተር የዌበር ዝርያ ስለሆነ አገሩ ሁሉ እጁ ለምዶታል። ዲጂቪ የሚጠቅመው ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አንድ ዜኒት ስትሮምበርግ ካርቡሬተር ብቻ ይዘው አሜሪካ ለገቡት ኤም ጂ ቢዎች ነው። ደህና መንታ ኤስ ዩ ላለው ግን ጉልበት አይጨምርም። ጋሼ ያሉህን ስማ።

የማራኪው ልጅ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የኋለኛው ጅክለር ወርዶ ቀርቶ ነበር። ገመዱን ቀየርኩት፣ ሚኒሞዋ ተረጋጋ። ከተማ ውስጥ ጭስ የለም። ደባርቅ ዳገት ላይ ግን አሁንም ትንሽ ይከብዳታል።

የአዘዞው መካኒክ
እሰይ! የቀረው የመርፌ ጉዳይ ነው። ለዚያ ሞተር መደበኛው 5 ቁጥር ነው፣ ቤንዚን የሚቀንሰው 21። ወፈር ያለ መርፌ ነው ቤንዚን የሚቀንሰው፣ ሻጩ በተቃራኒው እንዳይነግርህ። ሁለት ግዛ፣ አንዱን ብቻ እንዳትቀይር። ስትገጥም የመርፌው ትከሻ ከፒስተኑ የታች ፊት ጋር እኩል ይሁን፣ ጎን ያለውን ብሎን ቀስ ብለህ አጥብቅ። ከዚያ ወደ አዘዞ ብቅ በል፣ አብረን እናዳምጣታለን።